ግዙፉ አልነሳም አለ

ጥቅምት 3

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ፣ ቤትሽ፣ ደጅሽ፣ ያቺ ቀበጥ ድመትሽ ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ በዚህ በሰው አገር ከብርዱና ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ሥራ ማግኘቴን በቃሌ ልነግርሽ ደጋግሜ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ብቻ እንኳን ደስ ያለን! መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት መምህርት ሆኛለሁ። ካፖርት ማስወለቅ፣ አፍንጫ መጥረግ፣ የጠፋ ጓንት መፈለግ፣ ይሄን ሁሉ ተክኜዋለሁ። ችግሩ የመጣው ዋናዋ መምህርት «ከምሳ በኋላ ያለው የተረት ሰዓት ያንቺ ነው» ስትለኝ ነው።

ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዤ ቆምኩ። ቋንቋቸው አፌ ላይ ገና ይኮላተፋል። «ተኩላው መጣ» ያልኩ መስሎኝ «ማንኪያው መጣ» ብያለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ፊቱ ጠቃጠቆ የሆነ ልጅ ከዚያ በኋላ ያልኩትን ቃል ሁሉ እየተከተለ አረመኝ። ጥግ ላይ ሁለቱ ተደባደቡ፣ አንዷ ጠረጴዛ ስር ገብታ ተኛች። ዋናዋ መምህርት እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ስንወጣ «ካልተሻሻለ ሰዓቱን ለሌላ እሰጠዋለሁ» አለችኝ፣ በጨዋ ደንብ።

ልጅ ሳለሁ ክፍልሽ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ታስቀምጪኝ ነበር። ስትተርኪ ወንበሩ ራሱ የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር። እንዴት አድርገሽ እንደምትሠሪው ግን አላየሁም፤ ተረቱን ነበራ የማየው! እባክሽ አሁን አሳዪኝ።

ልጅሽ፣ ድምቡሼ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለድምቡሼዬ፣

ያለሽበት አገር ሰው ሁሉ እንደ ዘመድ ይይሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ድመቷም ደህና ናት፣ ከእኔ በላይ ትበላለች። ስለ ስልኩ አትጨነቂ፤ መስመሩ ያስነጥሳል እንጂ አይናገርም። ደብዳቤ ይሻለናል። የስልክ ወሬ ይበናል፣ ደብዳቤ ግን ትራስ ስር ያድራል።

አሁን ስሚኝ። የሳቁት ንቀውሽ አይደለም። የሳቀ ልጅ ጆሮው ተከፍቷል። በሚቀጥለው ቀን ማንኪያ ይዘሽ ግቢ፤ ተኩላው ማንኪያ ይሁን። የሚያርምሽን ልጅ ደግሞ አታስቀይሚው፤ በነፃ የተገኘ የቋንቋ መምህር ነው።

መጽሐፉን ዝጊው። ዓይንሽ ገጽ ላይ ከሆነ ዓይናቸው መስኮት ላይ ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን ዝም ብለሽ ተርኪላቸው። በማግሥቱ ሁሉም ባሉበት ቆመው ያድርጉት፣ ዶሮው ሲመጣ ሁሉም ዶሮ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነው ቦታ የምታድያቸው። ስድስት ልጅ አንበሳ መሆን ከፈለገ ስድስት አንበሳ ይኑር፤ ተረት አይጣበብም። መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሪ። ከመስመሩ ወዲያ አንበሳ፣ ከመስመሩ ወዲህ ራሳቸው። የፈራ ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ የእናቱ ልጅ መሆን እንደሚችል ይወቅ። ሲያልቅ ደግሞ «ምን ተማራችሁ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። «ከዚያስ?» ነው የሚባለው።

ለመጀመሪያ የሚሆንሽን፣ ራሴ የፈጠርኩትን ልስጥሽ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ የመንደሩ ምንጭ ላይ ተኛበትና ውሃው ቆመ። ዶሮ ጮኸበት፣ አልሰማም። ፍየል በቀንዷ ወጋችው፣ ጎኑን አከከ። አህያ አናፋችበት፣ ገልበጥ ብሎ ተኛ። በመጨረሻ አይጥ ጆሮው ስር ሄዳ «እባክህ ጌታዬ፣ ጠምቶናልና ትንሽ ጠጋ በል» አለችው። «ይሄን ከመጀመሪያው ማን ከለከላችሁ!» ብሎ ተነሳ። በቃ።

የሚላክ ካገኘሽ ትልልቅ የልብስ ቁልፎች ላኪልኝ፣ ለክፍሌ አሻንጉሊቶች ዓይን። ያሉት አሻንጉሊቶች በሙሉ አንድ ዓይና ሆነውብኛል።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

አክስትሽ


ኅዳር 20

ለመምህርቴ አክስቴ፣

ጤናሽ እንደ ምክርሽ የጠና ይሁንልኝ። ቁልፎቹን በዚህ ፖስታ አብሬ ልኬያለሁ፤ ቀዩ ሁለት ብቻ ነው፣ ለምትወጃት አሻንጉሊት አድርጊው።

ማንኪያ ይዤ ገባሁ። ጠቃጠቆው ልጅ ከወንበሩ ወደቀ በሳቅ። ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ባልንጀራ ነን፤ ቃል ሲጠፋኝ ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ እሱ ያቀብለኛል። ግዙፉን ተረትኩላቸው። በማግሥቱ ሁሉም ዶሮ፣ ሁሉም ፍየል ሆኑ። ቦታ ሳድል ስድስት ግዙፎች፣ አራት አህያ፣ አንድ አይጥ፣ ደግሞ ማንም ሳይጠራው የመጣ ባቡር ወጣልኝ። ባቡሩንም ተቀበልኩት። አህዮቹ ሲያናፉ ዋናዋ መምህርት ከቢሮዋ ሮጣ መጣች፣ አደጋ የደረሰ መስሏት። «ጩኸት አልበዛም?» አለች። «በዝቷል» አልኳት። «ግን እይ፣ መስመሩን የጣሰ የለም።» እውነቴን ነበር። ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነልኝም። እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። ትምህርት ከተጀመረ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። እናቷ «ቤት ውስጥ አፏ አያርፍም» ትለኛለች። እኛ ጋ ግን የካፖርት መስቀያው ስር ቁጭ ብላ የዝናብ ቦት ጫማዋን ታቅፋ ትውላለች። «አይጧን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት፣ ፊቷን በጫማዋ ከለለች። «እሺ በይኝ ብቻ» ብዬ ለመንኳት፣ ባሰባት። ምን ላድርግ?

ስልኩስ ተሠራ? ትናንትም ደውዬ ነበር።

ድምቡሼ


ጥር 4

ለድምቡሼ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ልጅቷን ቃል አትለምኛት። የሚለመን ቃል እንደ ድመት ነው፣ በጠራሽው ቁጥር አልጋ ስር ይገባል። መናገር የሌለበት ቦታ ስጫት። በር ትሁን፣ ዛፍ ትሁን፣ የተኛ ሰው ትሁን። ሳትናገር የምታስፈልግ ትሁን። ከዚያ ተያትና ዝም በይ።

ቁልፎቹ ደርሰዋል፣ ቀዩን ለፍየሏ አሻንጉሊት ሰጠኋት። አሁን ደግሞ በእጅ የሚያዝ ደወል ብታገኚ፣ የሚጮህ፣ እስከ ግቢው ጥግ የሚሰማ። ጉሮሮ የሚያለሰልስ ከረሜላም ጨምሪበት። ልጆቹ ይስላሉ፣ የብርዱ ጊዜ ነው።

አክስትሽ


የካቲት 2

ለምወድሽ አክስቴ፣

ደወሉም ከረሜላውም ከዚህ ጋር ይደርሱሻል። መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ፣ ከዚያ እጣላሻለሁ።

ዝምተኛዋን ግዙፉ አደረግኳት። «ምንም አትሠሪም፣ ተኝተሽ ምንጩን መያዝ ብቻ ነው» አልኳት በምልክት። ቦት ጫማዋን ይዛ መጥታ ከመስመሩ ወዲያ ተዘረጋች። እንደ እሷ የተኛ ግዙፍ አላየሁም፤ ስታንኮራፋ ሁሉ ነበር! ዶሮው ጮኸ፣ ንቅንቅ አላለችም። ፍየሏ ወጋቻት፣ ጎኗን አከከች። አህዮቹ አናፉ፣ ገልበጥ አለች። አይጥ የሆነው ጠቃጠቆው ነው። ተንበርክኮ ጆሮዋ ስር «እባክህ ጌታዬ፣ ትንሽ ጠጋ በል» አላት። እንግዲህ ትነሳለች ብለን ስንጠብቅ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«አልነሳም!» አለች።

በነሱ ቋንቋ፣ ከእኔ በጠራ አነጋገር! አይጡ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ደግሞ ያልሽኝ ትዝ አለኝና አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ለምን?» አላት አይጡ።

«ደክሞኛል።»

«ምን ሠርተህ ደከመህ?»

«በእግሬ መጥቼ። ከሩቅ።»

ልጆቹ ተያዩ። አንዷ አህያ ቀስ ብላ «ታዲያ ትራስ የለውም እኮ» አለች። ይሄን ጊዜ ማን ተከልክሎ! ዶሮው፣ ፍየሏ፣ ባቡሩ ሳይቀር ወደ መስቀያው ሮጠው ካፖርታቸውን እያወረዱ ከምንጩ ጎን ከመሩት። «እዚህ ተኛ፣ ይሞቃል» አሉት። ግዙፉ ተነስቶ አየው፣ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ አለሰለሰው፣ ከዚያ ተዘዋውሮ ተኛ። ውሃው ፈሰሰ። ሁሉም ጠጡ፣ ለግዙፉም ቀዱለት።

ዋናዋ መምህርት በር ላይ ነበረች። «ተረቱ የሚያልቀው እንዲህ ነው?» አለችኝ።

«ዛሬ ያለቀው እንዲህ ነው» አልኳት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ አክስቴ። እሷም «እንግዲህ ሰዓቱ ያንቺ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ታወራለች፤ ብዙ አይደለም፣ የምትፈልገውን ያህል።

አሁን ጠቡ። ቁልፍ ስትጠይቂ ገባኝ። ደወልስ? አንዲት «እስቲ» ብለሽ ክፍል ሙሉ ልጅ ጸጥ የምታሰኚ ሴት ደወል ምን ያደርግልሻል? ከረሜላውስ በእውነት ለልጆቹ ነው? ስልኩስ እስካሁን ያስነጥሳል? አትደልይኝ። ድምፅሽ ምን ሆነ?

ድምቡሼ


የካቲት 26

ለብልኋ ልጄ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ያንን ግዙፍ ያስነሱ ልጆችም ዕድሜያቸው ይርዘም። ደብዳቤሽን አነበብኩ፣ ሳቅኩ፣ ድጋሚ አነበብኩ፣ «ከሩቅ» የሚለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ከዚያ ለድመቷ በእጄ ተረትኩላት።

አዎ፣ ድምፄ ሄዷል። ክረምቱ ሲወጣ መጀመሪያ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ አንድ ጠዋት ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ልል አፌን ብከፍት አየር ብቻ ወጣ። ሐኪሙ ጉሮሮዬ ውስጥ የበቀለች ትንሽ ነገር አገኘና አወጣት። ክፉ በሽታ አይደለችም ብሎኛል፣ በዚህ አትስጊ። ድምፁ ይመለስ እንደሆነ ግን «ጊዜ ይናገራል» አለኝ። ጊዜም እንደኔ ዝም ብሏል። ማንሾካሾክም ከልክሎኛል። ያልነገርኩሽ ሻንጣሽን እንዳትሸክፊ ነው። ገና እግርሽን ማስገባትሽ ነበር።

የቀረውንም ልንገርሽ። አዲስ ርዕሰ መምህርት መጥታልናለች፣ ወጣት ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። ቢሮዋ አስጠርታኝ «እርስዎን የመሰለ መምህር አላየንም ይሉኛል፣ ግን ድምፅ የሌለው ሰው ሕፃናት እንዴት ያስተምራል? የዕቃ ክፍሉን ቢይዙ ያርፉ ነበር» አለችኝ። ማረፍ! ጠመኔና መጥረጊያ እየጠበቅኩ! ወረቀት ላይ «መጥተሽ ክፍሌን እዪ፣ ከዚያ ፍረጂ» ብዬ ጻፍኩላት። እሺ ብላ ከአንድ ወር በኋላ ልትመጣ ቀጠረችኝ።

ነገር ግን ላንቺ ምን እደብቃለሁ፤ የማሳያትን አላውቅም። ዕድሜዬን በሙሉ አፌን ተማምኜ ነው የኖርኩት። ደወሉን ስመታ ይሰበሰባሉ። ከተሰበሰቡ በኋላስ?

አክስትሽ


መጋቢት 11

ለአክስቴ፣

ዕቃ ክፍል ደመኛሽ ይግባ! ደህና ሁኚልኝ እንጂ አንቺ፣ ሌላው ሁሉ መላ አለው።

ተናድጄ ነበር፣ አልክድሽም። እዚህ ሆኜ ስለ ተኩላና ማንኪያ ስጽፍልሽ አንቺ ሐኪም ቤት ተኝተሽ ኖሯል። ግን ሻንጣዬን አልሸከፍኩም። ደብዳቤዬ ከእኔ ይልቅ ይጠቅምሻል ብዬ ነው። ስሚኝ እንግዲህ፣ ተራው የኔ ነው።

አንቺ ድምፅ የለሽም። እኔ ደግሞ ይሄው ከጥቅምት ጀምሮ ቋንቋ የለኝም። በምን የማስተምር ይመስልሻል? እጄ፣ ፊቴ፣ ማንኪያዬ ናቸው። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር አለ፤ እኔ ደህና አድርጌ ስተርክ እነሱ ያዳምጣሉ፣ እኔ ስሳሳት ግን እነሱ ይተርካሉ። ስለዚህ አሁን ሆን ብዬ ነው የምሳሳተው። ዶሮው መምጣት ሲገባው ፍየሏን አወጣለሁ። «አይደለም! ዶሮው ነው!» ብለው ጣሪያውን ያነሱታል። ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ «ከዚያስ?» በሚል ዓይን አያቸዋለሁ። ከዚያማ ማን ያቆማቸዋል።

ጠጠሮችም እደረድራለሁ፤ አንዱ ጠጠር ዶሮው፣ አንዱ ፍየሏ። ልጁ ጠጠሩን እየነካ ተረቱን በተራ ይመልሰዋል። አንዱን ጠጠር ደብቄ ስቀመጥ «ሌባ!» ብለው ይይዙኛል፣ የጎደለውንም ይናገራሉ።

አንቺ አትተርኪላቸው አክስቴ። እነሱ ይተርኩልሽ። ተረት ያስተማርሻቸው ልጆች እኮ ናቸው፣ ምን ይጎድላቸዋል?

የሆነውን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ድምቡሼ


ሚያዝያ 9

ለልጄ፣ ለመምህርቴም፣

የዘራሽው ሁሉ ይብቀልልሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በማግሥቱ ክፍል ገባሁና ጠጠሮቹን ደረደርኩ። አሻንጉሊቶቹን አወጣሁ፣ ሆን ብዬ አህያዋን አስቀደምኩ። አንድ ጥርሰ ወላቃ ልጅ ብድግ አለና «መምህር፣ ዛሬ ምን ሆነሻል? ዶሮው ነው እኮ!» ብሎ እጄን መታኝ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ተነሱ። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ይሄን ያህል ዓመት ስተርክላቸው እንዲህ አድርገው መተረክ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር፤ አፌ ፋታ አልሰጣቸውማ።

የቀጠሮው ቀን ርዕሰ መምህርቷ ደብተሯን ይዛ መጥታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ፤ ወንበሩ ለሕፃን የተሠራ ነው። ደወሉን መታሁ። ልጆቹ መስመሩ ላይ ቆሙ። መልካም አጀማመር ነበር ልልሽ ብችል ደስ ባለኝ። ዶሮው ሽንቱ መጣና ሮጦ ወጣ። ፍየሏ ቀንዷ ተነቅሎባት አለቀሰች። ይባስ ብሎ አህያ የምትሆነው ልጅ ታማ ቀርታለች። ርዕሰ መምህርቷ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ስትጽፍ አየሁ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ፤ «ተያትና ዝም በይ» ያልኩሽ እኔው አይደለሁ?

ጥርሰ ወላቃው ፍየሏን እቅፍ አድርጎ «በአንድ ቀንድም መውጋት ይቻላል» አላት፣ ተጽናናች። ዶሮው ሱሪውን እየታጠቀ ተመልሶ ከተወበት ቀጠለ። አህያዋ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቆመው ዙሪያውን ቃኙ። ጥርሰ ወላቃው ከመስመሩ ወጣ፣ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ፣ ርዕሰ መምህርቷን እጇን ይዞ፣

«ነይ፣ አህያ ጎድሎብናል» አላት።

«እኔ አልችልም» አለች።

«ቀላል ነው። ማናፋት ነው።»

እሷ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ደብተሯን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። መስመሩ ጋ ስትደርስ ልጆቹ አስቆሟት፤ «ጫማሽን አውልቂ፣ አህያ ተረከዝ የላትም!» አወለቀች። ከዚያ፣ ድምቡሼ፣ ያቺ በለስላሳ ድምፅ የምትናገር ሴት አናፋች። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር፤ «ኧረ ከዚህ በላይ! ግዙፉ እንቅልፋም ነው!» ሲሏት ከሆዷ አወጣችው። ከጎረቤት ክፍል ያሉ መምህራን በመስኮት ተደረደሩ። ግዙፉ ሳቁን መያዝ አቅቶት ያለ አይጧ ተነሳ፣ አይጧም «የኔ ተራ ነበር!» ብላ አስተኛችው። እንደገና ተጀመረ። ሁለት ጊዜ አናፋች።

ሲያልቅ ጫማዋን እያጠለቀች «አንድ ቃል ሳይናገሩ ነው ይሄን ያደረጉት?» አለችኝ። ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ «እነሱ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ጠርታኝ ክፍሉ የኔ ሆኖ እንደሚቀጥል ነገረችኝ። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠቻት፣ እሷም ደመወዝ ተጨምሮላት ደስ ብሏታል። ስለዚህ ማንም አልተጎዳም፣ ደመኛሽም አልገባበትም።

ድምፄን ትጠይቂኝ ይሆናል። አልተመለሰም። አልፎ አልፎ እንደ ዛገ በር ሲጥ ይላል፤ ሐኪሙ ደግ ምልክት ነው አለኝ፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ቢመጣ ቤቱ ነው፣ ቢቀርም ቤቱ ባዶ አይደለም።

ባለፈው ሰኞ አዲስ ልጅ መጣችልን፣ እናቷ በር ላይ ትታት የሄደች። እኔን ትኩር ብላ አይታ ጥርሰ ወላቃውን «መምህሯ ለምንድነው የማታወራው?» አለችው። እሱም ጠጠሮቹን እየደረደረ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ መለሰላት፤

«ምን ታውራ? ተረቱ እኛ ጋ ነው።»

ጤናና ሰላም ካንቺ አይለዩ።

አክስትሽ